የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሊኑክስ መግቢያ ገጽ ላይ የትኛውን ሴሽን ልምረጥ?

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጡ ናቸው። አራቱም የሚያጠነጥኑት ኮምፒውተር ሲከፈት የይለፍ ቃል በምናስገባበት ገጽና ከዚያ በኋላ በሚጠብቀን ነገር ላይ በመሆኑ አንድ ላይ ልናስተናግዳቸው ወስነናል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አልጠቀስንም።

ከደሴ

«ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምሰጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ አንድ የሰፈራችን ወጣት ‹አብሽሪ፣ በዚህ ይፈጥንልሻል› ብሎ ዙቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነልኝ፤ እንዳለውም ፈጠነልኝ። ጠዋት ማመልከቻ፣ ውልና የሠርግ መጥሪያ እጽፋለሁ፤ ማታ የሱቁን ሒሳብ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእህቴ ልጅ ትምህርቱን ይለማመድበታል። አንድ ቀን ልወጣ ስል ሴሽኑ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ነገር አይቼ ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ ወዲህ በገባሁ ቁጥር ድሮ የተውኳቸው መስኮቶች ሁሉ ይከፈቱብኛል። የተለያዩ ሴሽኖችን አስቀምጦ ሲገቡ አንዱን መምረጥ ይቻላል ሲባልም ሰምቻለሁ። ነገር ግን በመግቢያው ገጽ ላይ ያለውን ዝርዝር ስከፍተው ‹ዙቡንቱ ሴሽን› እና ‹ኤክስኤፍሲኢ ሴሽን› ከሚሉት በቀር እኔ ያስቀመጥኩት አይታየኝም። የት ሄዶ ነው?»

የሰሙት ትክክል ነው፤ የፈለጉበት ቦታ ግን ሌላ ነው። «ሴሽን» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ አንዱ የሚቀርበው የይለፍ ቃል ከማስገባትዎ በፊት፣ ሌላው ካስገቡ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የትኛው ቤት ውስጥ እንደሚገቡ ይወስናል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ዕቃው እንዴት ተደርድሮ እንደሚጠብቅዎ።

በመግቢያው ገጽ ላይ ያዩትን ዝርዝር የሚያቀርበው ላይትዲኤም የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም እርስዎ ትናንት ምን ከፍተው እንደነበር አያውቅም። የሚያደርገው በሲስተሙ ውስጥ «ኤክስሴሽንስ» እና «ዌይላንድ ሴሽንስ» በሚባሉት ፎልደሮች ያሉትን አጫጭር የጽሑፍ ፋይሎች አንብቦ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑትን የዴስክቶፕ ዓይነቶች በስማቸው መደርደር ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ዴስክቶፕ ካልተጫነ በስተቀር ዝርዝሩ አይጨምርም፤ የእርስዎ የተቀመጠ ሴሽንም መቼም ቢሆን እዚያ አይታይም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ለእርስዎ ሥራ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። «ዙቡንቱ ሴሽን» የዙቡንቱ አዘጋጆች ያሰናዱትን መልክና አደራደር ይዞ ይነሣል፤ «ኤክስኤፍሲኢ ሴሽን» ደግሞ ያው ዴስክቶፕ ያለዚያ ዝግጅት ነው። በመጀመሪያው ይቀጥሉ።

የሚፈልጉት ሁለተኛው ምርጫ የሚገኘው የዙቡንቱ ዴስክቶፕ በሆነው በራሱ በኤክስኤፍሲኢ ውስጥ ነው። ከሴቲንግ ማውጫው «ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ» የሚለውን ከፍተው «ጄነራል» ከሚለው ገጽ «ዲስፕሌይ ቹዘር ኦን ሎግኢን» በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃልዎን አስገብተው ዴስክቶፑ ከመከፈቱ በፊት የተቀመጡት ሴሽኖች በስማቸው ተዘርዝረው ይቀርቡልዎታል። እስካሁን ያለው አንድ ብቻ ስለሚሆን «ዲፎልት» በሚል ስም ያገኙታል። እዚያው ላይ አዲስ ሴሽን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጭነው «ጽሕፈት» ወይም «ሒሳብ» ብለው ይሰይሙት፤ የሚያስፈልጉዎትን ፕሮግራሞች በሚመችዎት አደራደር ይክፈቱ፤ ሲወጡም ሴሽኑ እንዲቀመጥ ምልክት ያድርጉ። ለሁለተኛው ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ እንደሚወዱት ካስተካከሉት በኋላ ግን ሲወጡ ምልክቱን ማጥፋት ይሻላል። ምልክቱ ካለ ያ ሴሽን በወጡበት ሰዓት በነበረው ሁኔታ ይተካል፤ ለአንድ ደንበኛ የከፈቱት ፎቶ ሳይዘጋ ከቀረ በማግስቱ አብሮ ይመጣል። አሁን የሚያስቸግርዎት የመስኮት ክምርም የመጣው ከዚሁ ነው። «ጄነራል» ገጹ ላይ ሴሽኑን ሲወጡ ሳይጠይቅ የሚያስቀምጥ አማራጭም ስላለ እርሱ አለመመረጡን ያረጋግጡ።

ክምሩን ለማጥፋት በዚያው ሴቲንግ ውስጥ የተቀመጡ ሴሽኖችን የሚያጸዳ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ካልሠራ ወይም ካላገኙት፣ በፋይል ማሳያው ላይ የራስዎን ዋና ፎልደር ከፍተው ኮንትሮልና «ኤች» ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፎልደሮች ይታያሉ፤ ከእነዚህ «ካሽ» በሚለው ውስጥ «ሴሽንስ» የሚባለውን ፎልደር ማጥፋት ይበቃል። ከዚያ ሴሽኑን ሳያስቀምጡ ይውጡ። የሚጠፋው የመስኮቶቹ ዝርዝር ብቻ ነው፤ የጻፏቸው ውሎችና ማመልከቻዎች ባሉበት ይቆያሉ። በነገራችን ላይ የፋይሉ ስም የኮምፒውተሩን ስም ስለሚይዝ፣ አንድ ሰው የኮምፒውተሩን ስም ቢቀይረው ያስቀመጧቸው ሴሽኖች በድንገት የጠፉ ይመስላሉ።

አሁን የማስጠንቀቅ ግዴታ ያለብን ነገር አለ። የተቀመጠ ሴሽን የተቀመጠ ሥራ አይደለም። ሴሽኑ የሚይዘው የትኞቹ ፕሮግራሞች ክፍት እንደነበሩ፣ መስኮቶቻቸው የት እንደቆሙና በየትኛው ወርክስፔስ (የሥራ ገጽ) እንደነበሩ ነው። አሠራሩ በ1994 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከወጣው የኤክስ መስኮት ሲስተም (መስኮቶችን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ሥርዓት) ዕትም ጋር የመጣ ስምምነት ነው፦ የሴሽኑ አስተዳዳሪ እያንዳንዱን ፕሮግራም «ነገ በምን ትእዛዝ ላስነሣህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙም ይመልሳል። በደንብ የሚመልስ ፕሮግራም ከነፋይሉ ይመለሳል፤ በግማሽ የሚመልስ ባዶ መስኮት ይዞ ይመጣል፤ ጨርሶ የማይመልስ ፕሮግራም ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ጽፈው ሴቭ ያላደረጉትን አንቀጽ ግን የሴሽኑ አስተዳዳሪ አያስቀምጥልዎትም።

ከዚህም ጋር ሴሽኑ በተለመደው መንገድ የሚቀመጠው ሎግ አውት ሲያደርጉ፣ ወይም ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ሲዘጉ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጠይቅዎ ሳጥን አይኖርም፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ማግስት የሚያገኙት ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠውን ሁኔታ ነው። በሥራ መካከል ለማስቀመጥ ከፈለጉ በዚያው «ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ» ውስጥ «ሴቭ ሴሽን» የሚል ቁልፍ አለ። ለጽሑፉ ደግሞ ሊብሬኦፊስ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ቅጂ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጥበትን ልክ ከሴቲንጉ «ሎድ/ሴቭ» ክፍል ገብተው ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ ቢያወርዱት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ከማንኛውም ሴሽን የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ስለ እህትዎ ልጅ ያልጠየቁንን እንመልስ። ለእርሱ በእርስዎ ስም ውስጥ ሌላ ሴሽን ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም። ሴሽኖቹ ቢለያዩም ፎልደሩ አንድ ነው፤ የደንበኞችዎ ውል፣ የሱቁ ሒሳብና በብሮውዘሩ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ሁሉ እጁ ላይ ናቸው፤ ባያስበውም በአንድ ስህተት ሊያጠፋቸው ይችላል። የራሱ የይለፍ ቃል ያለው የተጠቃሚ አካውንት ይክፈቱለት። በመግቢያው ገጽ ላይ ስሙን መርጦ ይገባል፤ የዴስክቶፕ ምርጫውም ሆነ የተቀመጡት ሴሽኖቹ ከእርስዎ ጋር አይነካኩም። ሴሽንን ለራስዎ የሥራ ዓይነቶች፣ አካውንትን ለተለያዩ ሰዎች ይጠቀሙ።

ከወልድያ

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው ኡቡንቱ 24.04 ሲከብደኝ ኤክስኤፍሲኢን ጨመርኩበት። በኢንተርኔት እንዳነበብኩት መግቢያው ገጽ ላይ የጥርስ ጎማ ምልክት መኖር ነበረበት፤ እኔ ጋ ግን የለም። አንድ ጊዜ አግኝቼው የመረጥኩት ሴሽን ደግሞ ጥቁር ገጽ አሳይቶ መልሶ መግቢያው ላይ ጣለኝ። በተጨማሪ፣ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ እያለሁስ ሴሽን ማስቀመጥ ይቻላል?»

ምልክቱ የሚታየው ስምዎን ከመረጡ በኋላ፣ የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ሳጥን ሲመጣ፣ በገጹ የታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከዚያ በፊት ሲፈልገው ያጣዋል። በዝርዝሩ ላይ ያለው ሴሽን አንድ ብቻ ከሆነም ምልክቱ ይደበቃል። ኮምፒውተሩ ያለ ይለፍ ቃል በቀጥታ እንዲገባ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ገጹን ራሱን አያዩትም፤ ይህን ለማየት ሎግ አውት ማድረግ ወይም ቀጥታ መግቢያውን ከተጠቃሚዎች ሴቲንግ ማጥፋት ይኖርብዎታል። አንድ ጊዜ የመረጡት ሴሽን ለእርስዎ ስም ስለሚመዘገብ በየቀኑ መምረጥ አያስፈልግም። ኤክስኤፍሲኢን ሲጭኑ የመግቢያ ገጹን ከሚያቀርቡት ፕሮግራሞች፣ ከጂዲኤምና ከላይትዲኤም፣ አንዱን እንዲመርጡ ተጠይቀው ከነበረም አይጨነቁ፤ ሁለቱም የሚያነቡት ያንኑ የሴሽን ፎልደር በመሆኑ የሚለያዩት በመልካቸውና ምልክቱ በሚቀመጥበት ቦታ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ «ኡቡንቱ» እና «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ» የሚሉ ሁለት ስሞች ያገኛሉ። ዴስክቶፑ ያው የኡቡንቱ መደበኛ ዴስክቶፕ የሆነው ግኖም ሲሆን የሚለያዩት መስኮቶቹን ወደ ስክሪኑ በሚያደርሰው ሥርዓት ነው፤ የመጀመሪያው ዌይላንድን፣ ሁለተኛው ኤክስን (ኤክስኦርግን) ይጠቀማል። ኤክስ በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬም የሚሠራበት 11ኛው ቅጂ የወጣው በ1987 ነው፤ ዌይላንድ ደግሞ በ2008 በክርስቲያን ሆግስበርግ የተጀመረ ተተኪው ነው። ኡቡንቱ በ17.10 ዕትሙ ዌይላንድን መነሻ አድርጎ፣ በ18.04 ወደ ኤክስኦርግ ተመልሶ፣ በ21.04 እንደገና ወደ ዌይላንድ ዞሯል፤ በ25.10 ደግሞ የግኖምን የኤክስኦርግ ሴሽን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጻፈ መመሪያ ይዘው በአዲሱ ዕትም ላይ ምርጫውን ቢያጡት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ራምን በተመለከተ ከሁለቱ አንዱን መቀያየር የሚያመጣው ጥቅም ጥቂት ነው፤ በ4 ጊጋባይት ላይ የሚሰማዎት ለውጥ የሚመጣው ወደ ኤክስኤፍሲኢ ሲገቡ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብሮውዘሩ ላይ ብዙ ገጾች ከከፈቱ ይሟጠጣል።

ጥቁር ገጽ አሳይቶ ወደ መግቢያው የሚመልስ ሴሽን ሲያጋጥም ወዲያው ሲስተሙን እንደገና መጫን የብዙ ተማሪዎች ልማድ ነው። ከዚያ በፊት ከጥርስ ጎማው ሌላ ሴሽን መርጠው ይሞክሩ። ሌላው ከገባ የይለፍ ቃልዎም ሆነ ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ያ አንዱ ዴስክቶፕ ወይም ሴቲንጉ ነው። ሁሉም ከመለሱዎት ኮንትሮል፣ አልት እና «ኤፍ3» ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው በጽሑፍ ብቻ ወደሚሠራው መግቢያ ይግቡና ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ «ዲኤፍ» በሚለው ትእዛዝ ያረጋግጡ። የሞላ ዲስክ የዚህ ችግር የተለመደ መንስኤ ነው፤ ሴሽኑ ሲነሣ የሚጽፋቸው ትንንሽ ፋይሎች ቦታ ሲያጡ ዴስክቶፑ ሳይቆም ይወድቃል። ሌላው የተለመደ መንስኤ አንድን ባለ መስኮት ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን በማስነሣት በራስዎ ፎልደር ውስጥ ያለው «ኤክስኦቶሪቲ» የተባለው ድብቅ ፋይል ባለቤትነቱ ወደ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ አካውንት) መዞሩ ነው፤ በኤክስ ላይ የሚሠሩት ሴሽኖች በዚህ ምክንያት ይመለሳሉ። ፋይሉን ቢያጠፉት ሲገቡ በስምዎ እንደገና ይፈጠራል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልሱ የሚያስደስት አይደለም። በግኖም ላይ በመግቢያው ዝርዝር ውስጥ «ከስተም» በሚል ስም ገብቶ የተቀመጡ ሴሽኖችን የሚያስመርጥ ተጨማሪ መሣሪያ ነበረ፤ ፌዶራ በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ለብቻው የሚጫን ፓኬጅ ሆኖ ቆይቷል። ይህ አንደኛውንና ሁለተኛውን ምርጫ ያገናኘ ብልህ ሐሳብ ነበር። ሆኖም የተመሠረተው ከላይ ለደሴዋ ጠያቂያችን በገለጽነው የድሮ ስምምነት ላይ ስለሆነ ዘመኑ አልፎበታል። በዌይላንድ ላይ ፕሮግራም የራሱን መስኮት የሚቆምበትን ቦታ ራሱ መወሰን ስለማይችል፣ አደራደሩን በድሮው መንገድ መመለስ አይቻልም። በግኖም ላይ መተማመን ያለብዎት በየፕሮግራሙ የራስ ትዝታ ነው፦ ፋየርፎክስ ያለፉትን መስኮቶችና ገጾች እንዲከፍት ሴቲንጉ ላይ ማዘዝ ይቻላል፤ የግኖም የጽሑፍ ማረሚያም የተዋቸውን ፋይሎች መልሶ ይከፍታል። ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ በአንጻሩ ከሴቲንጉ ሦስት አማራጮች ያቀርባል፤ ባለፈው ሲወጡ የነበረውን መመለስ፣ በእጅ ያስቀመጡትን መመለስ ወይም ባዶ ሆኖ መጀመር። በስም ለይቶ ብዙ ሴሽን አስቀምጦ መምረጥን ግን እኛ የምናደንቀው በኤክስኤፍሲኢ ነው፤ ለደካማ ላፕቶፕዎም የሚስማማው እርሱ ነው።

ከኮምቦልቻ

«በአንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በኡቡንቱ ሴሽን ስገባ አማርኛ መጻፍ እችላለሁ፤ ኤክስኤፍሲኢን መርጬ ስገባ ግን የአማርኛው ኪቦርድ ይጠፋል። ፊደሉ ይታያል፤ መጻፍ ግን አይቻልም።»

ያስተዋሉት ነገር ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ፊደሎቹ ለመላው ኮምፒውተር የተጫኑ በመሆናቸው በየትኛውም ሴሽን ይታያሉ፤ የኪቦርድ ምርጫ ግን እያንዳንዱ ዴስክቶፕ በራሱ መዝገብ የሚይዘው ነገር ነው። ግኖም ላይ የጨመሩትን የአማርኛ ኪቦርድ ኤክስኤፍሲኢ አያነበውም። አማርኛን የሚጽፉት አይባስ በሚባለው የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ከሆነ «አይኤም ኮንፊግ» የሚለውን መሣሪያ ከፍተው አይባስን ይምረጡ፤ ከዚያ ሎግ አውት አድርገው ሲመለሱ በኤክስኤፍሲኢም አብሮ ይነሣል። ከሲስተሙ ጋር የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ ብቻ ከሆነ የሚጠቀሙት ደግሞ በኤክስኤፍሲኢ የኪቦርድ ሴቲንግ «ሌይአውት» ገጽ ላይ እንደገና ይጨምሩት። በሁለቱም መንገድ እንግሊዝኛውን የመጀመሪያ አድርገው ይተዉት። የመግቢያው ገጽ በአማርኛ ኪቦርድ ከቆመ በላቲን ፊደል ያወጡት የይለፍ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ አይቀበልዎትም፤ የተጻፈው በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚታይም ምክንያቱን ለማወቅ ይቸገራሉ።

ከሐይቅ

«የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል በዙቡንቱ ነው የሚሠራው። ተማሪዎች ሁሉ በአንድ የጋራ አካውንት ስለሚገቡ አንዱ ክፍል የተወው መስኮት ለቀጣዩ ክፍል ይከፈታል። ሴሽን ማስቀመጥን ጨርሶ መከልከል ይቻላል?»

ይቻላል። ኤክስኤፍሲኢ ለእንዲህ ዓይነት የጋራ ኮምፒውተሮች «ኪዮስክ» የሚባል አሠራር አለው። በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ በ«ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ካለው «ኤክስዲጂ» ሥር፣ በ«ኤክስኤፍሲኢ4» ውስጥ «ኪዮስክ» የሚባል ፎልደር ይፍጠሩና «ኪዮስክአርሲ» የተባለ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጡበት። በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሴሽን አስተዳዳሪው ስም (xfce4-session) በአራት ማዕዘን ቅንፍ [ ] ይገባል፤ በሁለተኛው መስመር «ሴቭሴሽን» ከሚለው ቀጥሎ የእኩል ምልክትና «ነን» የሚለው ቃል በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፋል። ከዚያ አስቀድሞ የተቀመጠውን ሴሽን ለደሴዋ ጠያቂያችን ባመለከትነው መንገድ አንድ ጊዜ ያጽዱት። ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹ ሲወጡ ሴሽን ማስቀመጥ አይችሉም፤ እያንዳንዱ ክፍልም ባዶ ዴስክቶፕ ይጠብቀዋል። ክልከላው ግን ሴሽንን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ ተማሪዎች በጋራ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀመጧቸው ፋይሎችና ብሮውዘሩ ላይ ከፍተው የተዋቸው አካውንቶች ባሉበት ስለሚቆዩ፣ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ታሪኩን እንዲያጠፋ ለብቻው ማዘዝ ያስፈልጋል።